መድኃኒቱ የሚይዘው ቦታ፦ የባክቴሪያ አርኤንኤ እና የአዲስ አንቲባዮቲክ ፍለጋ

ጨቅላ ሕፃን ትኩሳት ይዞት ጡት መጥባት ሲያቆም፣ ሐኪም የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መርፌ ያዛል፤ አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን። አምፒሲሊን የባክቴሪያውን ግድግዳ ግንባታ ያውካል። ጄንታሚሲን ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ አርኤንኤ ላይ ይጣበቃል። በትራኮማ ዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን፣ ዓይን የሚቀባው ቴትራሳይክሊን፣ ለታይፈስ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን፣ ድሮ የቲቢ ሕሙማን በየቀኑ ይወጉት የነበረው ስትሬፕቶማይሲን፣ ዛሬ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ፣ እነዚህም ሁሉ የሚያርፉት አርኤንኤ ላይ ነው።

ስለዚህ «ተመራማሪዎች የባክቴሪያን አርኤንኤ የሚያጠቁ አዲስ ዓይነት መድኃኒቶች እየፈለጉ ነው» የሚለው ዜና ግማሹ ብቻ ነው አዲስ። አርኤንኤ ከ80 ዓመት በላይ ሲመታ የኖረ ዒላማ ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ መድኃኒቱ በአጋጣሚ ይገኝና የት እንደሚይዝ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ይታወቅ ነበር፤ አሁን የሚይዝበት ቦታ አስቀድሞ ተመርጦ መድኃኒቱ ለዚያ ቦታ ሊቀረጽ ይችላል። ጥያቄው ይህ የእውቀት ለውጥ በሽተኛው ዘንድ የሚደርስ መድኃኒት ይወልዳል ወይ የሚለው ነው። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ላንሴት ላይ የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ 1.14 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ገምቷል፤ አካሄዱ ካልተገታ ከ2025 እስከ 2050 ባለው ጊዜ የሟቾቹ ቁጥር ከ39 ሚሊዮን እንደሚያልፍም ይተነብያል።

ሳይታወቅ የተመታ ዒላማ

ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካው ራትገርስ፣ በሴልማን ዋክስማን ላቦራቶሪ፣ በተማሪው አልበርት ሻትዝ እጅ ከአፈር ባክቴሪያ ተገኘ። የዲኤንኤ ቅርጽ የታወቀው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ ነው፤ ስለ ራይቦዞም የሚያውቅም አልነበረም። መድኃኒቱ የሳንባ ነቀርሳን ገደለ፣ እንዴት እንደገደለ ግን የሚያስረዳ ጠፋ። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ መድኃኒቱ የባክቴሪያውን ፕሮቲን መሥሪያ እንደሚያውክ ታወቀ። ያ መሥሪያ ራይቦዞም ነው፤ ከዲኤንኤ የተገለበጠውን መልእክት እያነበበ ፕሮቲን የሚገጣጥም፣ ትንሽና ትልቅ ሁለት ክፍል ያለው ማሽን። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው አርኤንኤ፣ ቀሪው ፕሮቲን ነው። ለረጅም ጊዜ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖቹ፣ አርኤንኤው ግን የእነሱ ማዋቀሪያ ብቻ ይመስል ነበር።

ይህን ሐሳብ የገለበጠው በካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ የሃሪ ኖለር ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ኖለርና ዳነሽ ሞአዜድ በርካታ አንቲባዮቲኮች በትንሹ ክፍል ውስጥ የትኞቹን የአርኤንኤ ፊደላት፣ ማለትም ሰንሰለቱ የተሠራባቸውን አሃዶች፣ እንደሚሸፍኑ አሳዩ። በ2000 ደግሞ የራይቦዞም ሁለቱ ክፍሎች ዝርዝር ቅርጽ በኤክስሬይ ሲወጣ፣ አሚኖ አሲዶች እርስ በርስ በሚያያዙበት እምብርት አካባቢ ፕሮቲን አልተገኘም። የሚሠራው አርኤንኤው ራሱ ነበር። ለዚህ ሥራ ቬንካትራማን ራማክሪሽናን፣ ቶማስ ስታይትዝና አዳ ዮናት በ2009 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የታወቀ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ በአቶም ደረጃ ይታያል፤ ጄንታሚሲን ፊደል የሚነበብበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ንባቡን ያሳስታል፤ አዚትሮማይሲን አዲሱ ፕሮቲን የሚወጣበትን ዋሻ ይደፍናል፤ ሊኔዞሊድ ማያያዣው እምብርት ላይ ይሰየማል።

ቦታው ለምን ይመረጣል?

የአርኤንኤ ዒላማነት የሚያጓጓበት ዋና ምክንያት ለባክቴሪያው መለወጡ ውድ መሆኑ ነው። የራይቦዞሙ አርኤንኤ በሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች ዓመታት እምብዛም ያልተለወጠው፣ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ሥራው ስለሚስተጓጎል ነው። በዚያ ላይ ብዙ ባክቴሪያዎች የዚህ አርኤንኤ ቅጂ ከአንድ በላይ አላቸው፤ ኢ. ኮላይ ሰባት አለው። በአንዱ ቅጂ ላይ በድንገት የመጣ ለውጥ ስድስቱ እንደቀድሞው ስለሚቀሩ ብቻውን አያድነውም። የቲቢ ባክቴሪያ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። በአንዲት ፊደል ለውጥ ስትሬፕቶማይሲንን፣ በሌላ የአንድ ፊደል ለውጥ ደግሞ ካናማይሲንንና አሚካሲንን ሊቋቋም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለቲቢ አንድ መድኃኒት ብቻውን የማይሰጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛ ራይቦዞም ከባክቴሪያው መለየቱ ነው። ጄንታሚሲን በሚይዝበት ቦታ 1408ኛዋ ፊደል በባክቴሪያ ኤ፣ በሰው ጂ ናት፤ ለመድኃኒቱ የዚህች ፊደል ልዩነት ዋነኛ መለያ ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። በየሕዋሳችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ የጥንት ባክቴሪያዎች ዘሮች ናቸው፤ ራይቦዞማቸውም ከእኛው ይልቅ የባክቴሪያን ይመስላል። አንዳንድ ሰዎች በማይቶኮንድሪያቸው አርኤንኤ 1555ኛ ቦታ ላይ ኤ በጂ ተለውጦባቸው ይወለዳሉ፤ ይህ ለውጥ ቦታውን ይበልጥ ባክቴሪያ አስመስሎ ስለሚያስቀረው፣ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት የጄንታሚሲን ወይም የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ወስዶ ጆሮው ሊደነቁር ይችላል። ሊኔዞሊድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደም ማነስና የእግር መደንዘዝ የሚያስከትለውም በዚሁ መንገድ ነው። የባክቴሪያን ራይቦዞም አጥብቆ የሚይዝ መድኃኒት ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዕዳ አለበት።

ጎንቻ ሲሶ እነሴ ላይ የታየው

ባክቴሪያው አርኤንኤውን መለወጥ ከከበደው ሌላ ዘዴ አለው፤ ቦታውን ሳይቀይር ምልክት ይለጥፍበታል። ኤርም የሚባሉ ኢንዛይሞች አዚትሮማይሲን በሚያርፍበት በር ላይ ባለችው 2058ኛዋ ፊደል ላይ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ሁለት ትናንሽ ጉብታዎች ይተክላሉ። መድኃኒቱ ከዚያ ወዲያ መግባት አይችልም። ሲኤፍአር የሚባል ሌላ ኢንዛይም 2503ኛዋን ፊደል እንዲሁ አድርጎ አምስት የመድኃኒት ቤተሰቦችን በአንድ ጊዜ ያግዳል። የከፋው ነገር እነዚህ ኢንዛይሞች የሚሠሩባቸው ጂኖች ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መሻገር መቻላቸው ነው።

ይህ በአገራችን በቅርብ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ጣና በሚል ምህፃረ ስም የተጀመረው የትራኮማ ጥናት፣ በተመረጡ ጎጦች ላሉ ሕፃናት በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ይሰጥ ነበር። አንድ ዓመት ሲሞላ ተመራማሪዎቹ የሕፃናቱን ጉሮሮና አፍንጫ በጥጥ ጠርገው መረመሩ። የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ አዚትሮማይሲንን የመላመድ መጠኑ ከ3.6 በመቶ ተነስቶ 46.9 በመቶ ደርሶ ነበር፤ መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው ጎጦች 9.2 በመቶ ነበር። አንዳንዱ ኒሞኮከስ በኤርም ምልክት፣ አንዳንዱ መድኃኒቱን እየተፋ በሚያስወጣ ፓምፕ ነው የሚከላከለው። በዚያው ጥናት ግን መድኃኒቱን የወሰዱ ሕፃናት ሞት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ሁለቱም እውነቶች አብረው መነገር አለባቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ክርክር ለወላጆቹም ለጤና ባለሙያውም አይበጅም።

በሌሎች የኢትዮጵያ መንደሮች በተደረገ ክትትል ማከፋፈሉ ሲቆም ልምዱ በሁለት ዓመት ውስጥ በጣም ወርዷል። የላቦራቶሪ ሥራዎች አንዱን ምክንያት ይጠቁማሉ፤ የኤርም ምልክት ባክቴሪያው አንዳንድ ፕሮቲኖችን በልኩ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ብዙዎቹ የኤርም ጂኖች መድኃኒቱ ሲመጣ ብቻ የሚነሱት ለዚህ ነው። ምልክቱ ነፃ አይደለም፤ ይከፈልበታል። የአርኤንኤ ዒላማነት ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ባክቴሪያው ማምለጥ ባይሳነውም ማምለጡ ያስከፍለዋል።

«ጎተራው ሞልቷል» የሚል የውሸት መልእክት

ራይቦዞም ብቸኛው የአርኤንኤ ዒላማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የዬሉ ሮናልድ ብሬከርና የኒውዮርኩ ዬቭጌኒ ኑድለር ቡድኖች በየፊናቸው ሪቦስዊች የሚባለውን ነገር አሳዩ። ሪቦስዊች ከጂን በተገለበጠው መልእክተኛ አርኤንኤ መጀመሪያ ላይ ተጣጥፎ የሚቀመጥ ቁራጭ ነው። ለምሳሌ ባክቴሪያው ቫይታሚን ቢ2 የሚሠራበት ጂን ፊት ያለው ቁራጭ ከቫይታሚኑ የሚገኘውን ኤፍኤምኤን የተባለ ንጥረ ነገር ይለካል። ኤፍኤምኤን ሲበዛ ይይዘዋል፣ አጣጣፉን ይለውጣል፣ ጂኑም ይዘጋል። ጎተራው ሲሞላ ወፍጮው እንደሚቆም ማለት ነው። ኤፍኤምኤንን የሚመስል መድኃኒት ቢሠራና ቁራጩን ቢይዘው፣ ባክቴሪያው ጎተራው ባዶ ሳለ ሞልቷል ብሎ አምኖ ቫይታሚን መሥራት ያቆማል። እስካሁን በሰው ውስጥ ሪቦስዊች አልተገኘም፤ ስለዚህ የጉዳቱ ስጋት ከራይቦዞም ያንሳል ተብሎ ይጠበቃል።

ይህን ሐሳብ ወደ ተግባር ያመጣው የመርክ ኩባንያ ቡድን ነው፤ ሥራው በ2015 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። መንገዱ ልብ ሊባል ይገባል። ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያ እንደሚገድሉ የሚታወቁ 57,000 ገደማ ውህዶችን በኢ. ኮላይ ላይ ሞከሩ፤ ከዚያም በዚያው ዕቃ ውስጥ ቫይታሚን ቢ2 ጨመሩ። ቫይታሚኑ ሲጨመር መግደሉን የሚያቆም ውህድ ካለ፣ የሚመታው የቫይታሚኑን መሥሪያ ነው ማለት ነው። አንድ ውህድ ብቻ ተገኘ፤ ሪቦሲል ብለው ጠሩት። መጀመሪያ ኢንዛይም የሚመታ መስሏቸው ነበር። ሪቦሲልን የተላመዱትን ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ ሲያነቡ ግን ለውጦቹ ሁሉ የተገኙት ሪቦስዊቹ ላይ ነበር። ሪቦሲል በቅርጹ ኤፍኤምኤንን የማይመስል ሰው ሠራሽ ውህድ ሆኖ ሳለ ቁራጩን መያዝ ቻለ፤ በአይጦች ላይም ኢንፌክሽኑን ቀነሰ።

ይሁን እንጂ የአይጦቹ ባክቴሪያ ሆን ተብሎ የተዳከመ ዘር ነበር፤ የውጪ ሽፋኑ የተበላሸ፣ ፓምፑ የተነቀለ። ጤነኛው ኢ. ኮላይ ሪቦሲልን አያስገባም፤ የገባውንም ያስወጣዋል። በኋላ የአሜሪካ ኬሚስቶች የባክቴሪያውን ድርብ ሽፋን ለማለፍ የሚረዱ ሕጎችን ተከትለው አሚን የተባለ ክፍል ጨምረውበት ማሻሻያ አሳይተዋል፤ ወደ ሰው ሙከራ የደረሰ ሪቦሲል ግን የለም። ሌላም ችግር አለ። ብዙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ቫይታሚን ቢ2ን ከበሽተኛው ሰውነት መውሰድ ይችላሉ፤ የራሳቸው ወፍጮ ቢቆምም ከጎረቤት ይበደራሉ። ሪቦስዊቹ ላይ የሚመጣው ለውጥ ደግሞ እንደ ራይቦዞም ለውጥ ውድ አይደለም፤ ሪቦስዊቹ ቢበላሽ ባክቴሪያው ቫይታሚን ከልኩ በላይ ይሠራል እንጂ አይሞትም። ስለ ሪቦስዊች የሚጻፈው ጉጉት በሞላበት ጽሑፍ ውስጥ ይህ ድክመት ብዙ ጊዜ በአንዲት መስመር ሲታለፍ አያለሁ፤ ለእኔ ግን የነገሩ ቁልፍ እርሱ ነው። ባክቴሪያው ሳይጎዳ ሊጥለው የሚችለው ዒላማ ዕድሜው አጭር ነው።

ወደ ራይቦዞም የተመለሱት

የተሻለው ውጤት እየመጣ ያለው ከአሮጌው ዒላማ ነው። የሃርቫርዱ አንድሩ ማየርስ ቡድን ከቺካጎው ዩሪ ፖሊካኖቭ ጋር በፌብሩዋሪ 2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ ክሬሶማይሲንን አሳወቀ። መነሻው ክሊንዳማይሲን የሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ ነው። ተራ መድኃኒት ወደ ራይቦዞም ሲገባ እየታጠፈና እየተጣመመ ቅርጹን ያስተካክላል፤ ይህ ኃይል ይጠይቃል። ክሬሶማይሲን ግን በኬሚካል ድልድይ ታስሮ ከመግባቱ በፊት ትክክለኛውን ቅርጽ ይዞ ይጠብቃል። የሚያጠፋው ኃይል ስለሌለ የሚይዘው አጥብቆ ነው፤ የኤርምና የሲኤፍአር ምልክት የተለጠፈበትን ራይቦዞም ሳይቀር ይይዛል። በአይጦች ላይ መድኃኒት በተላመደ ስታፊሎኮከስ፣ ኢ. ኮላይና ሱዶሞናስ ላይ ሠርቷል።

ሁለተኛው ግኝት ከጓሮ አፈር ነው የመጣው። በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የጄራርድ ራይት ቡድን ሃሚልተን ከተማ ውስጥ ካለ የመኖሪያ ቤት ግቢ የተወሰደ አፈር ላይ ያሉ ባክቴሪያዎችን ለአንድ ዓመት ያህል ቀስ ብለው እንዲያድጉ ተወ። በችኮላ ሲሠራ ፈጥነው የሚያድጉት ዘገምተኞቹን ስለሚሸፍኗቸው ነው። ከዚያ ውስጥ ፔኒባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ላሪዮሲዲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሠራ ተገኘ፤ በማርች 2025 ኔቸር ላይ ታተመ። ጭራው በራሱ ቀለበት ውስጥ አልፎ የታሰረ፣ ሸምቀቆ የሚመስል ትንሽ ፕሮቲን ነው። የሚይዘው የራይቦዞሙን ትንሽ ክፍል አርኤንኤ ሲሆን፣ ቦታው እስካሁን የትኛውም በሥራ ላይ ያለ አንቲባዮቲክ ያልያዘው ነው። የታወቁት መከላከያዎች የተዘጋጁት ለሌላ ቦታ ስለሆነ ላሪዮሲዲንን አያግዱትም። በሆስፒታል የሚያስቸግረውን አሲኔቶባክተር በአይጥ ላይ ገትቷል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ራሱን የመልእክተኛውን አርኤንኤ ፊደል በፊደል የሚገጥም ሰው ሠራሽ ቁራጭ ልኮ መልእክቱን መዝጋት። ኮፐንሃገን ውስጥ ፒተር ኒልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 የሠሩት ፒኤንኤ ለዚህ ይውላል፤ በጀርመን ዉርዝቡርግ ያሉ ተመራማሪዎች ዛሬ በዚህ ላይ ይሠራሉ። አንድን ባክቴሪያ ብቻ መርጦ መግደል መቻሉ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ቁራጩ ትልቅ ስለሆነ ባክቴሪያው ውስጥ ለማስገባት ተሸካሚ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ውድ ነው።

ማን ይከፍላል?

እስካሁን ያየነው ሁሉ የላቦራቶሪ ጉዳይ ነው። የአርኤንኤ አንቲባዮቲክን ዕጣ ይበልጥ የሚወስነው ገበያው እንደሆነ ፕላዞማይሲን ያስረዳል። የጄንታሚሲን ዘመድ ሲሆን፣ ጄንታሚሲንን የሚያበላሹ አብዛኞቹ ኢንዛይሞች እንዳይነኩት ተደርጎ የተሠራ ነው። አኬዮጀን የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በጁን 2018 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለከባድ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ፈቃድ አገኘ። በዚያ ዓመት የሸጠው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ነበር። ሐኪሞች አዲስ አንቲባዮቲክ እንዳይለመድ ብለው ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀምጡታል፤ ትክክልም ናቸው። ኩባንያው ግን የሚኖረው በሽያጭ ነው፤ በኤፕሪል 2019 ለኪሳራ አመለከተ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ፕላዞማይሲንን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

መፍትሔ ተብሎ የተሞከረው ክፍያውን ከሽያጭ ብዛት መለየት ነው። እንግሊዝ በ2022 ለሁለት አንቲባዮቲኮች፣ ብዙም ተሸጡ ጥቂት፣ በዓመት ለእያንዳንዳቸው እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ በቁርጥ መክፈል ጀመረች፤ ለእሳት አደጋ መኪና የሚከፈለው እሳት ሲነሳ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘው የፓስተር ሕግ ረቂቅ በተደጋጋሚ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቆይቷል። የመድኃኒት ኩባንያዎች በ2020 ያቋቋሙት የ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈንድ እስከ 2030 ከሁለት እስከ አራት አዲስ አንቲባዮቲክ ለማድረስ አቅዷል። ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የእንግሊዙ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ከተፈቀደ በኋላ ያሉትን ዓመታት ይሸፍናል፤ አኬዮጀን የወደቀው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ምን ይጠበቃል?

በእኔ ግምት ቅርብ የሆነው መንገድ የራይቦዞሙ ነው። ክሬሶማይሲንና መሰሎቹ በሰው ላይ መመርመር ይቀራቸዋል፤ ዋናው ፈተናም ባክቴሪያ መግደላቸው ሳይሆን ማይቶኮንድሪያን መተዋቸው ይሆናል። አጥብቆ የሚይዝ መድኃኒት የእኛንም አጥብቆ ሊይዝ ይችላልና። ይህን ካለፉ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ገደማ አንዱ መደርደሪያ ላይ ሊገኝ ይችላል። ላሪዮሲዲን ከዚያ ዘግይቶ ይመጣል፤ ገና በኬሚካል መሻሻል ያለበት የተፈጥሮ ውህድ ነው። ሪቦስዊች ብቻውን በሽታ የሚያድን መድኃኒት ይሆናል ብዬ አልጠብቅም፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ፣ በተለይ ቫይታሚኑን ከውጭ መውሰድ በማይችሉ ባክቴሪያዎች ላይ፣ ቦታ ሊያገኝ ይችላል። ፒኤንኤ ይበልጥ ሩቅ ነው። በሰው አርኤንኤ ላይ የሚሠራው ሪስዲፕላም የተባለ መድኃኒት በ2020 መፈቀዱ አርኤንኤን በአፍ በሚወሰድ ትንሽ ውህድ መምታት እንደሚቻል አረጋግጧል፤ ሰው ግን የባክቴሪያውን ድርብ ሽፋንና ፓምፕ የለውም።

ለኢትዮጵያ ቀዳሚው ጥያቄ አዲሱ መድኃኒት መቼ ይመጣል የሚለው ሳይሆን፣ ልምዱን የሚለይ ምርመራ አለ ወይ የሚለው ነው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሊኔዞሊድ ያለበትን የስድስት ወር ሕክምና የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መክሯል፣ ጆሮ የሚያደነቁሩት መርፌዎችም እየቀሩ ነው፤ ሊኔዞሊድ ሲለመድ ግን የሚታወቀው ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ያለው ክሌብሲየላ ጄንታሚሲንን የሚያበላሽ ኢንዛይም ይሁን በራይቦዞሙ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ያለው፣ ልዩነቱ ወሳኝ ነው፤ ፕላዞማይሲን የመጀመሪያውን ያልፈዋል፣ ሁለተኛውን አያልፈውም። ይህን የሚለይ ካልቸርና የጂን ምርመራ በሌለበት ሆስፒታል፣ ነገ ውዱ መድኃኒት ቢደርስ እንኳ ለየትኛው ሕፃን እንደሚሰጥ ሐኪሙ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።